ለሁለት የማይከፈል ስክሪን

ረቡዕ፣ የካቲት 4፤ ከሰዓት

መብራት የለም። የፋርማሲው ጄኔሬተር ጮኾ ጮኾ አሁን ዝም ብሏል። ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ አውጥቼ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። አንድ የሚያስል ሰው መጣ፣ ሽሮፕ ሰጠሁት፣ ሄደ። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እጽፍልሻለሁ፣ ደብተሬ።

ጠዋት ባሌ ታምራት ደወለ። ደስ ብሎታል። አዲሱ የመኪና ውድድር ጌም ወጣ አለኝ። ለራሱ ገዝቷል፤ ለእኔም ከዚያው ሆኖ በስሜ ገዝቶልኛል። ቅዳሜ አብረን እንጫወት አለ። እሱ ደቡብ አፍሪካ፣ እኔ ሆሳዕና። አብረን! ይህን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

ቤት ያለው አሮጌው ማጫወቻ አዲሱን ጌም አይችልም። አቧራውን ግን በየሳምንቱ እጠርግለታለሁ። ከሰርጋችን በኋላ የነበረችው ያቺ ክረምት… ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ እኛ፣ አንድ ሶፋ፣ ሁለት ጆይስቲክ። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ላይኛው የሱ፣ ታችኛው የኔ። እሱ ሀዲያ፣ እኔ የዱራሜ ልጅ፣ ከምባታ። የምንግባባው በአማርኛ ነው። ስንሰዳደብ ግን ሁለታችንም ወደየእናታችን ቋንቋ ነበር የምንሮጠው። ልቀድመው ስል በክርኑ ይገፋኛል፣ ዓይኔን በመዳፉ ይሸፍናል። ማጭበርበር ነው እላለሁ። ባልሽ ነኝ ይላል፣ እንደ መልስ።

ክረምቱ ሲወጣ ሄደ። በኬንያ፣ በማላዊ፤ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር። አሁን እዚያ ሱቅ አለው። የመኖሪያ ወረቀት ግን የለውም፤ ከወጣ መመለስ አይችልም። ስለዚህ አይመጣም። ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል።

የታ. (ሙሉ ስሙን መጻፍ ደከመኝ) የክፍል ጓደኛ የነበረው ሙባረክ ወደ ጎፈር ሜዳ መሄጃ ጌም ቤት አለው። አዲሱ ማጫወቻም ኢንተርኔትም አለው። ደወልኩለት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ ነይ አለኝ። መብራት መጣ። ኢንሱሊኑን ወደ ፍሪጁ ልመልስ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ሄድኩ! ነጠላዬን እስከ ግንባሬ አውርጄ። ጌም ቤት የምትገባ ሴት በዚህ ከተማ አታገኚም፤ ጠዋት ስለሆነ ማንም አላየኝም። ሙባረክ ብቻ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና በር ላይ ሄዶ ቆመ።

ከዚያ ታ. ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማኛል። በስልክ ስንነጋገር ወሬያችን ካለቀ ቆይቷል፤ ደህና ነሽ፣ ደህና፣ እናቴስ፣ ደህና፣ ዝናብስ፣ የለም። ዛሬ ግን የምንናገረው ነገር ተገኘ። ወደ ግራ ታጠፊ፣ ፍሬን ያዢ፣ ኧረ ገደል ነው! ሳቅን። እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ብቻዬን ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ እንባ ሳቅሁ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። የሱን ግማሽ ላየው አልቻልኩም። ስክሪኑ በሙሉ የኔ ነው። እሱ መንገዱ ላይ ትንሽ ቀይ መኪና ሆኖ ይታየኛል እንጂ የሚያየውን አላይለትም።

ስጨርስ ሙባረክ ተናደደ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲጫወቱበት ብሎ የጌሙን ሜኑ ከላይ እስከ ታች ፈተሸው። የለም። ሁለት ሰው ባንድ ቤት፣ ባንድ ቴሌቪዥን መጫወት ቀርቷል። እያንዳንዱ በየቤቱ፣ በየኢንተርኔቱ። እንዲያውም ኢንተርኔት ከጠፋ ብቻህንም መጫወት አትችልም።

«ቆይ እንጂ ሊዲያ፣» አለኝ፣ ጌሙን እኔ እንደሠራሁት ሁሉ፣ «ሰው ጌም ቤት የሚመጣው ስክሪን አጥቶ ነው? ጎኑ የሚቀመጥ ሰው ፈልጎ ነው! ይኼ አግዳሚ ወንበር ምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

ለኔ ግን ይኸው ባሌን አመጣልኝ አልኩት። ምናልባት ልክ ነሽ አለ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደስታ ሰው ላይ ይታወቃል እንዴ? ፋርማሲ ውስጥ ሁለት ሰው ምን አገኘሽ አሉኝ።


እሁድ፣ የካቲት 8

ከቸርች በኋላ አማ ከፎንቆ መጣች፤ የታ. እናት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። በኛ በከምባታ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ዲግሪ ብትይዝም ያው ነው፣ እጄ እምቢ ይላል። በሀዲይኛ አማ እላታለሁ፣ እናቴ ማለት ነው። አነጋገሬ አሁንም ያስቃታል።

ልጅሽን በጌም አገኘሁት አልኳት። ድምፁ እዚሁ ጆሮዬ ሥር ነው፣ ሱቁ ውስጥ ሰው ሲገባ እንኳን ይሰማኛል። ደስ የሚላት መስሎኝ። እጄን ይዛ ሌላስ ምን ትሰሚያለሽ አለች። ሌላ ምን እሰማለሁ አልኳት። ጎመኑን መቀንጠስ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራችም። መንገድ ደክሟት ይሆናል።


ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ዛሬ ኔትወርኩ የውሻ ልጅ ነው። መኪናዬ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ አየር ላይ ትንጠለጠላለች። የታ. ድምፅ ይቆራረጣል። ሁለቴ ተቋረጠ። በሦስተኛው ተናደድኩ።

ለምንድነው ግን አልኩት እንደ ሙባረክ፣ ለምንድነው ድሮ እንደነበረው ሁለት ሰው ባንድ የማይጫወተው? ማን ተጎዳ? ሳቀብኝ። ዘመኑ የኦንላይን ነው አለ፤ በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ ጋር መጫወት ስትችይ አጠገብሽ ያለውን ምን ታደርጊዋለሽ? ስክሪን ለሁለት ሲከፈል ምስሉ ይበላሻል፣ ካምፓኒው ለጥቂት ሰው ብሎ አይደክምም። አጠገቡ ሰው ያለውስ አልኩት። መልሱ ቆየ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

እዚህ ማንም አጠገቡ ሰው የለውም አለ በመጨረሻ።

አሳዘነኝ። ብቸኝነቱ አንጀቴን በላው። ቤት ሄጄ ጸለይኩለት።


ቅዳሜ፣ የካቲት 21

እንዴት እንደምጽፈው።

በደንብ እየሄድን ነበር። ኔትወርኩ ደህና። አራተኛው ዙር። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ከዚያ በማዳመጫው ውስጥ፣ ከሱ ድምፅ ጎን፣ የልጅ ድምፅ። ትንሽ ልጅ። «ዳዲ! ማይ ተርን! ዳዲ፣ ማይ ተርን!»

ተራዬ ነው እያለ ነው። ዳዲ እያለ ነው።

ታ. በማላውቀው ቋንቋ በለሆሳስ አንድ ነገር አለው። ቁጣ አይደለም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው የገዛ ልጁን የሚያባብልበት ድምፅ ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ይታወቃል። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ማይኩ ተዘጋ። ቀይዋ መኪና መንገዱ መሃል ቆመች። እኔ አለፍኳት። አንደኛ ወጣሁ።

ጆይስቲኩን እጄ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ማይኩ ሲከፈት የጎረቤት ልጅ ነው አለኝ፣ ሳልጠይቀው። እናቱ ገበያ ሄዳ ትታብኝ ነው። እሺ አልኩ። ማዳመጫውን አወለቅኩ። ሙባረክ ውሃ አመጣልኝ። ምን ሆንሽ አላለኝም። ውሃውን ሳልጨርስ ወጣሁ።


እሁድ፣ የካቲት 22

ቸርች አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል ብዬ። እሱስ እውነት ነው።

የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። አይችልም? እዚያ አገር ልጅ ሁሉ ትልቅ ሰውን ዳዲ ይል ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ።

አንድ ሐሳብ ግን አልተወኝም። ያ ጌም እንደ ድሮው ስክሪኑን ለሁለት ቢከፍል ኖሮ ታ. ለልጁ ሁለተኛ ጆይስቲክ ይሰጠው ነበር። ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በራሱ ግማሽ ላይ ዝም ብሎ ይጫወት ነበር። ተራ አይጠይቅም። አያለቅስም። እኔም ሳልሰማ እኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላዬን ግንባሬ ላይ አውርጄ እየሳቅኩ።

የጎረቤት ልጅ ነው።


ረቡዕ፣ የካቲት 25፤ ከሥራ መልስ

አይደለም።

ራሱ ደወለ። ለወረቀት ብዬ ነው የጀመርኩት አለ። የዚያ አገር ሴት ናት። ከተጋባህ ወረቀት ታገኛለህ፣ ወረቀት ካገኘህ ሚስትህን ታመጣለህ ብለው ጓደኞቹ መከሩት። ለአንቺ ብዬ ነው አለ። እውነቴን ነው ሊዱ፣ መጀመሪያ ላይ ለአንቺ ብዬ ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ልጁ መጣ።»

መጣ። በር አንኳኩቶ የመጣ እንግዳ ይመስል።

«ትወዳታለህ?»

ዛሬ ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነው። የሱቁ በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ ሰማሁ።

«ልጁን እወደዋለሁ» አለ።

ይህን ሲል ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እጮህ ነበር። አልዋሸም። የማውቀው ታ. ነው፣ ያው ድምፅ፣ ያው መንተባተብ። አልቻልኩም፣ አልጮህኩም። ጆይስቲክ የገዛህለት መቼ ነው አልኩት፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ። እሱም ማልቀስ ጀመረ። ስልኩን ዘጋሁት።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው መቼ ትወልጃለሽ ሲለኝ ባሌ ሲመጣ እያልኩ ነው የኖርኩት። በመድኃኒት መደርደሪያ መሃል ቆሜ የሌሎችን ልጆች ሽሮፕ እየለካሁ። ባሌ ሲመጣ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ፎንቆ ደርሼ መጣሁ። አማ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከኔ ትስማ ብዬ። በሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን በሀዲይኛ እያጠናሁ ነው የሄድኩት፤ ልጅሽ ልጅ አለው፣ አዝናለሁ አማ፣ ልጅሽ…

እንሰቱ ጓሮ አገኘኋት። ገና አፌን ስከፍት ፊቷ ወደቀ። ቢላዋዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ማን ነገረሽ አለችኝ።

አየሽ? ምን ሆነ አላለችም። ማን ነገረሽ።

ታውቂ ነበር አልኳት በአማርኛ። ሀዲይኛው ጠፋብኝ። ቤት ገብታ ስልኳን አመጣች። ፎቶ። ትንሽ ልጅ፤ የታ. ግንባር፣ የታ. ጆሮ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት። ዓመት አልፎታል ከተላከላት። እኔ በየሳምንቱ እሁድ እግሯን ሳጥብ፣ የደም ግፊት ክኒኗን ሳመጣላት፣ ይህ ልጅ ኪሷ ውስጥ ነበር።

«ብነግርሽ አንቺን አጣለሁ» አለች። «ባልነግርሽ ደግሞ ያን ሕፃን እንደሌለ አደርገዋለሁ። ደሜ ነው እኮ። ሁለታችሁንም ነው የፈለግኩት። ሁለታችሁንም።»

እያለቀሰች እጄን ልትይዝ መጣች። ወደ ኋላ አልኩ። በሕይወቴ አማትን ገፍቼ አላውቅም። ገፋኋት ማለት አይደለም፤ እጄን ብቻ ነው የወሰድኩት። ግን እሷም እኔም ያወቅነው እንደዚያ ነው። ሳልበላ ተመለስኩ። የበልግ ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል።

በባሌ ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር። ለካ የሷ ይብሳል።


ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ሥራ። አንዲት እናት ለልጇ የሳል መድኃኒት ስትጠይቀኝ ዕድሜው ስንት ነው አልኳት። እንደ ሁልጊዜው። ከአፌ ሲወጣ ግን የጠየቅኩት የሌላኛውን ልጅ፣ የታ.ን ልጅ መሰለኝ። ዞር ብዬ መደርደሪያ ውስጥ የማይፈለግ ነገር ፈለግኩ።

ታ. በቀን አሥሬ ይደውላል። አላነሳም።

ማታ በቤቴ በር ሙባረክ አለፈ፤ ሰላም ሊለኝ ብቻ። ያ ጌም ከነአካቴው ይቅር ብሎ ከማሽኑ አጥፍቶታል። አሮጌዎቹን መልሷል፣ ሁለት ሁለት የሚጫወቱትን፤ ኢንተርኔት የማይጠይቁትን። ልጆቹ ተመልሰዋል፣ ቤቱ ጫጫታ በጫጫታ ነው አለ። ከዚያ የኔን ፊት አይቶ አቆመ። ላንቺ ግን ከፈለግሽ መልሼ እጭነዋለሁ አለኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም ነበር። አሁን ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ዛሬ ጌሙ ላይ ግባ ብዬ መልእክት ልኬለት ነበር። ታ. ማዳመጫው ላይ ሲገባ ይቅርታ ሊጀምር ነበር። ይቆይ አልኩት። ልጁ አለ? አለ፣ አለኝ።

«ስጠው።»

«ሊዱ…»

«ጆይስቲኩን ስጠው። ተራው ነው።»

ስሙን ጠየቅኩ። «ሲፎ እንለዋለን» አለኝ። እንለዋለን። እኔ የሌለሁበት እኛ።

ልጁ መጣ። ቀይዋ መኪና ገና ከመነሻው ግድግዳ መታች። ወደ ኋላ ሄደች። ዞረች። እንደገና ግድግዳ። እና ሳቅ! ምን ዓይነት ሳቅ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ሌላ ሰው የሚኮረኩረው የሚመስል። በራሱ ስህተት ይስቃል። እናቱ ትሆን እንዲህ የምትስቀው፤ ታ. እንዲህ አይስቅም።

እኔ መንገድ ዳር መኪናዬን አቁሜ ጠበቅኩት። ሌሎቹ የኮምፒውተሩ መኪናዎች ሁሉ አለፉን። መጨረሻ ቀርተን ሁለታችን ብቻ። እሱ እየተጋጨ መጣ፣ መጣ፣ አጠገቤ ደረሰ፣ መኪናዬን ጓ አደረጋት። አለፈኝ። ጮኸ በደስታ። አባቱን አንድ ነገር ጠየቀው። ማን ናት ያለ መሰለኝ። ታ. በዚያ በማላውቀው ቋንቋ መለሰለት። አጭር መልስ ነው። ምን እንዳለው አልጠየቅኩም። መቼም አልጠይቅም።

ልጁን ልጠላው ነበር የሄድኩት መሰለኝ። ያ ደግሞ እንዴት ቀላል በሆነልኝ። አልቻልኩበትም። ልቤ የተሰበረው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ እሱ እዚያ የለም።

ማዳመጫውን ከማውለቄ በፊት ለታ. ነገርኩት። ማክሰኞ ሽማግሌ ቤቴ እንዲመጣ አደርጋለሁ፣ ስልክህን ክፍት አድርግ። ምን ልትያቸው ነው አለ። ትሰማለህ አልኩት።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ሄዱ። ቤቱ አሁንም የሰው ሙቀት አለው።

ከቸርች ሁለት ሽማግሌዎች፣ የኔ አጎት ከዱራሜ፣ አማ ከፎንቆ። ታ. ጠረጴዛው ላይ፣ በስልክ፣ ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ። ተጸለየ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ልጅ ሆኖ የሄደ ሰው ይሳሳታል፣ አልካደም፣ ይቅርታ ጠይቋል። ታገሺ ልጄ፣ ወረቀቱ ካለቀለት ይወስድሻል።

«ወስዶ የት ያስቀምጠኛል?» አልኳቸው።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ራሴ ገረመኝ። ልጁ አባቱ ከጎኑ እንዲቀመጥ ያስፈልገዋል አልኩ። እኔ ለስድስት ዓመት ባዶ ቦታ ጠብቄያለሁ፣ ያ ቦታ ግን ባዶ አልነበረም። ማንንም አልረግምም። ግን ከእንግዲህ የታምራት ሚስት አይደለሁም። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ አማ፣ ካንገቷ ቀና ሳትል፣ በሀዲይኛ እውነቷን ነው አለች። በገዛ ልጇ ላይ። ታ. ሰማት። እማዬ አለ። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ ዘጋው ይሁን ኔትወርክ ይሁን አልታወቀም፣ መልሶም አልደወለም።

ሁሉ ሲሄድ አማ አልሄደችም። ዝናብ ነው፣ ወደ ፎንቆ መኪና የለም። ይቅር አላልኳትም። ነገርኳትም፤ ገና ነኝ አማ፣ አልኳት። አውቃለሁ አለች። ሾርባ ሠራሁ፣ ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ ቀመስን። ክኒኗን ሰጠኋት።

ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ሄጄ የፍቺ ፋይል እከፍታለሁ፤ ከፋርማሲውም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ስነግራት እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። ከማን ወገን ሆነሽ ነው የምትሄጂው አልኳት። ጫማዋን ከጭቃ አጽድታ በሩ ሥር አሰናድታ ተኛች።

ጠዋት ልቀስቅሳት ወይስ ትቻት ልውጣ ገና አላውቅም። እኔ ግን እሄዳለሁ።